ሦስተኛው ቀዳዳ

ነጋዴ ነኝና ስድብ ለምጃለሁ። ሌባ ተብያለሁ፣ አጭበርባሪ ተብያለሁ፤ አንዲት ዓሣ ሻጭ ደግሞ ገበያ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «አንተ ውሃ ብትሸጥ እንኳ ውሃ ትጨምርበታለህ» ብላኛለች። በዚህ ሁሉ እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ስድብ ለነጋዴ እንደ ጋምቤላ ሙቀት ነው፤ ትንሽ ያልብሃል፣ ከዚያ ትረሳዋለህ። እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ሰው የሰደበኝ አይደለም። ሕዝብ ፊት ቆሞ ይቅርታ የጠየቀኝ ነው።

ነገሩን እንደሆነው ልንገራችሁ። ራሴን ደህና አስመስዬ ያቀረብኩበት ቦታ ካገኛችሁ፣ እንደ ገበያተኛ ሁኑና ቀንሱበት።

ጋምቤላ ያኔ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው። ቢሮ ሁሉ ከወንበር በፊት ማኅተም ያገኘበት ጊዜ ነበር። ሠራተኛው ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣ ባለጉዳዩ ቆሞ፣ ማኅተሙ ግን አዲስ። ሁሉም ነገር ሊገዛ፣ ሊሠራ፣ ሊመረቅ ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ከዚያ የተሻለ ዘመን አልመጣም።

ስሜ ሙሉጌታ ነው፤ ገበያው ሙሌ ይለኛል። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ማሳው ላይ ቀረ፤ እኔ ግን ከሚያመርተው ይልቅ የሚሸጠው ሲወፍር አየሁና ከተማ ገባሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን የጭነት መኪና ሹፌሮች አስተማሩኝ። ከድልድዩ ብዙ ሳይርቅ ምስማር፣ ገመድ፣ ቀለምና ሙጫ የምሸጥበት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረኝ።

ጉዱ ያለው ሙጫው ላይ ነው። ሁለት ሁለት ጣሳ ሆኖ የሚመጣ፣ አንዱን ከሌላው ቀላቅለው የሚቀቡት፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚሆን ዓይነት ነው። ስምንት ጥንድ አምጥቼ ገዢ አጣሁ። ሁለት በጋ ሙሉ በዚያ እንደ ምድጃ በሚግል ሱቅ ውስጥ ከረመ። አንዱን ከፍቼ ባየው እንደ ቆየ ማር ረግቷል። ቲነር ጨመርኩበት፣ በእንጨት አማሰልኩት፣ አማረበት። ስምንቱንም እንዲሁ አደረግኩና ክዳናቸውን ቀስ ብዬ መለስኩ። ልቤ እንኳ አልመታም። ቲነር ያልነካው ቀለም በዚያ ከተማ የሚሸጥ አይመስለኝም ነበር፤ ሙጫስ ከቀለም በምን ይበልጣል?

በዚያው ሰሞን አንድ ቢሮ ጀልባ ሊያሠራ ተነሣ። ክረምት ሲገባ የኢታንግ መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ በሽተኛም መድኃኒትም የሚመላለሰው በባሮ ላይ ነው። ሥራው ለኦጁሉ ተሰጠ። ኦጁሉ አኙዋ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል ቆጥሮ የሚናገር፣ እንጨት ሥራ ከሚስዮኖች ዘንድ የተማረ አናጺ። ሚስቱ አሪየት ያችው ዓሣ ሻጭ ናት። እሷ ቃል አትቆጥርም።

በባሮ ዳር ላደገ ሰው ታንኳ ማለት አንድ ግንድ ነው። ትፈለፍለዋለህ፣ ትቀመጥበታለህ፣ አለቀ። ትልልቁ ዛፍ ግን እየራቀ ሄዶ ነበር፤ ቢገኝም ሞተርና በሽተኛ የሚይዝ ሰፊ ጀልባ አይወጣውም። ስለዚህ ኦጁሉ ጣውላ ከጣውላ ቀጥሎ፣ በሙጫ አያይዞ ሊሠራ አሰበ። ሽማግሌዎች አጥሩ ላይ ተደግፈው ይቀልዱበት ነበር። ዋናው ቀልደኛ ኦፒዮ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው።

«ኦጁሉ፣ ጀልባህ ስንት ቁራጭ ናት?»

«አሥራ አራት።»

«ስትመለስስ ስንት ትሆናለች?»

አጥሩ እስኪነቃነቅ ይስቃሉ። ኦጁሉ አይስቅም። አንድ ቀን ምስማር ሊገዛ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «ሙሌ፣ ይህች ጀልባ ከተከፈተች ሰው ሁለተኛ ጣውላ ላይ አይወጣም። ክረምት የታመመ ሰው ቤቱ ተኝቶ ይጠብቃል። ስለዚህ መከፈት የለባትም።»

«የኔ ሙጫ እያለ ምን ትከፈታለች!» አልኩት። ስምንቱ ጥንድ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር።

የግዥ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ቱት የሚባል ኑዌር ነው፤ ከትምህርት ቤት በቅርብ የወጣ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ወጣት። እሱና ኮሚቴው ሊያዩ ሲመጡ ትንሽ ትርኢት አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። ሁለት ጣውላ ጫፋቸውን ደራርቤ አጣብቄ፣ አንዱን ከማንጎ ዛፍ ላይ ሰቅዬ፣ ከሌላው ሁለት ጆንያ ጨው አንጠለጠልኩ። ቻለ። ከዚያ እኔ ራሴ ተንጠለጠልኩበት። ሰው አጨበጨበ።

«በቃ፣ ይኸው ነው» አለ አቶ ቱት ሰዓቱን እያየ።

«ይህ መንሸራተት ነው» አለ ኦጁሉ ከኋላ።

«ምን ማለትህ ነው?»

ሁለት መዳፉን አጋጥሞ አሳየን። «እንዲህ ጎን ለጎን ሲጎተት ይንሸራተታል። ሙጫ መንሸራተት አይፈራም። እንዲህ ደግሞ መከፈት ነው።» መዳፎቹን አላቀቀ። ከዚያ እያንሸራተተ ከፈታቸው። «ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ውሃው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያደርጋል። እኔ ይህን ነው የምጠይቀው።»

ግቢው ወሰደን። ከወፍራም ጣውላ ግማሽ ጨረቃ ቆርጦ፣ ጠርዙ ላይ አምስት ቀዳዳ በስቶበታል። የኔን ሙጫ ራሱ ቀላቅሎ ጥንድ ጥንድ ጣውላ አጣብቋል፤ ከየጥንዱ አንዱን ከግንድ ጋር ያስራል፣ ሌላውን ከግማሽ ጨረቃው ጋር። ከገመዱ ጫፍ ባልዲ አለ፤ አሸዋ በጣሳ ይጨመርበታል። ገመዱ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ሲታሰር ክብደቱ መጋጠሚያውን ይከፍታል። ከአምስተኛው ሲታሰር ያንሸራትታል። ከሦስተኛው፣ ከመሃለኛው ሲታሰር፣ ሁለቱንም ያደርጋል።

አሸዋ ከማፍሰሱ በፊት ምላጭ አውጥቶ መጋጠሚያው ጫፍ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አበጀ።

«ምነው፣ ራስህ ሰንጥቀኸው ልትከሰኝ ነው?» አልኩ። ኮሚቴው ሳቀልኝ።

«ያልተሰነጠቀ ሁሉ ጠንካራ ነው» አለ ኦጁሉ። «ጀልባ ግንድ ይመታታል፣ ድንጋይ ይመታታል። ስንጥቅ መምጣቱ አይቀርም። ከመጣ በኋላ ባለበት ይቆማል ወይስ ይሮጣል?»

አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ሃያ ጣሳ አሸዋ ቻለ። የመጀመሪያው ላይ ብዙም አልቻለም፤ ኦጁሉ ግን አልደነገጠም፣ «ለመክፈት ብቻ ቢሆን የጀልባዋ የጎድን እንጨቶች ያግዙኛል» አለ። ሦስተኛው ላይ ቢያንስ አሥራ ሁለት ጣሳ እፈልጋለሁ ብሎ ማፍሰስ ጀመረ። አምስተኛው ጣሳ ላይ «ጧ!» አለ። ስንጥቁ ዓይን ሳይከተለው ከዳር እዳር ሮጠ። የተለያየው ፊት እንደ መስታወት ለስላሳ ነበር፤ ሙጫው እንጨቱን ጨርሶ አልነከሰውም።

ኮሚቴው ወደ እኔ ዞረ። አፌ ደግሞ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል።

«ቅልቅሉን አበላሽተኸዋል» አልኩት። «ይህ የፋብሪካ ዕቃ ነው። ያንተ እጅ ነው የተሳሳተው።»

ኦጁሉ እጁን አየ። እውነቴን ነው፤ ገልበጥ አድርጎ መዳፉን አየ።

«ሊሆን ይችላል» አለ። «እንደገና አጣብቃለሁ። ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ይቆይና ሰኞ እዚሁ ፊታችሁ እሞክራለሁ።»

አዲሶቹን ሦስት ጥንድ ጣውላዎች በጋለ ምስማር ሦስት ሦስት ነጥብ ምልክት አድርጎባቸው በርሜል ውስጥ ዘፈዘፋቸው። እኔ ደግሞ ሱቄ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰኞም «ጧ!» እንደሚል አውቃለሁ።

በዚያ ሳምንት ሹፌር ያመጣልኝ አንድ አዲስ ጥንድ ሙጫ ነበረኝ፤ ለወፍጮ ባለቤት የታዘዘ፣ ቲነር ያልነካው። ከኦጁሉ ግቢ ለመደርደሪያ ብዬ ትርፍራፊ ጣውላ ወሰድኩ፤ እሱ ራሱ በመላጊያው ያለሰለሰው ነው። በልኩ ቆረጥኩ፣ በአዲሱ ሙጫ አጣበቅኩ፣ ምስማር አግዬ ሦስት ሦስት ነጥብ አደረግኩበት፣ ዘፈዘፍኩት። እሑድ ቀትር ላይ፣ ውሻ እንኳ ጥላውን በማይለቅበት ሰዓት፣ በጆንያ ጠቅልዬ ግቢው ገባሁ። አሪየት ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች። የሱን አወጣሁ፣ የኔን ከተትኩ። የሱን ወንዝ ውስጥ ወረወርኩ። ይህን ሁሉ ስሠራ የተሰማኝ ሐፍረት ሳይሆን ኩራት ነበር። ነጥቦቹ እንዴት እንደተመሳሰሉልኝ!

ሰኞ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ አሥራ ሁለት ጣሳ ፈሰሰ። አሥራ አራት። አሥራ ስድስት። ስንጥቁ የጣት ስፋት ያህል ሄደና ቆመ። ኦጁሉ ጣውላውን ፈትቶ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ ደግሞ አገላበጠው። ሌሎቹን ሁለት ጥንድም ሞከረ። ያው ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አጥሩ ላይ የተደገፉትንም ጨምሮ ሁሉንም አየ።

«ስሙኝ» አለ። «የሙሌ ሙጫ ጥሩ ነው። መጥፎው የኔ እጅ ነበር። ሰው ፊት ስሙን አጥፍቻለሁ፣ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። «አይ፣ ይህማ ያጋጥማል» አልኩት።

ይቅር ባይ ሆኜ! ያችን ቃል ብትችሉ ዝለሏት።

ጀልባዋ በስምንቱ ጥንድ ተሠራች። ወራት ፈጀ። በዚያ ግቢ በኩል ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። ስንጥቅ ካልመጣ ምንም አይሆንም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ የሱን ትምህርት ለራሴ ጥቅም እየተረጎምኩ።

ባሮ ሞልቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢታንግ ልትሄድ በተዘጋጀችበት ጠዋት ጠሩኝ። ወንዙ ዳር ሰው ሞልቷል፤ የሚወጣ ግን የለም። ኦጁሉ ሞተሩ አጠገብ ቆሟል። አሪየት መሃል ላይ፣ ልክ ትልቁ መጋጠሚያ ያለበት ቦታ፣ ልብሷን ሰብስባ ተቀምጣለች። ሰው ይመን ብሎ ሚስቱን እዚያ አስቀምጧታል። ከፊት ለፊቷ ጤና ረዳቷ ሲስተር ትርሲት የመድኃኒት ሳጥን ታቅፋለች።

«አቶ ሙሉጌታ፣ ይምጡ እንጂ!» አለችኝ። «እኔ እንኳ የደብረ ብርሃን ልጅ ወጥቻለሁ።»

«ሱቅ የሚጠብቅልኝ የለም፣ ሲስተር።»

«የሙጫው ባለቤት ካልወጣ ማን ይወጣል?» አለ አቶ ቱት። እሱ ወጥቷል።

ሽማግሌው ኦፒዮ ከሕዝቡ መሃል ጮኸ፦ «ነጋዴው ከወጣ እኔም እወጣለሁ! ነጋዴ ነፍሱን በርካሽ አይሰጥም!»

ሰው ሁሉ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። በዚያች ቅጽበት «አትሂዱ» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት። አልወጣችልኝም፤ እግሬ ግን ወጣ። ኦፒዮም ቃሉን ጠብቆ ተከትሎኝ ገባ። ስድስት ሆንን። እኔ ዋና አልችልም፤ በሰፈራ ጣቢያ ያስተማሩን ቁፋሮ ነው።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት መልካም ነበር። አሪየት ታላግጥብኛለች። «ሙሌ፣ ምነው ላብህ? ውሃ ላይ ነህ እኮ፤ ጨምርበት!» ኦፒዮ በአኙዋ ቋንቋ የሆነ ዘፈን ያንጎራጉራል። እኔ የማየው መጋጠሚያውን ብቻ ነው።

ከዚያ ከውሃ በታች ያለ ግንድ መታን። ከባድ አልነበረም፤ አቶ ቱት ሰዓቱን ይዞ «ምንድን ነው?» አለ፣ ኦጁሉ «ግንድ ነው፣ ምንም አይደለም» አለ። ለሱ ምንም አልነበረም። የተሠራችው ይህን እንድትችል ነው።

ከአሪየት እግር አጠገብ፣ ከዳሩ በኩል፣ ፀጉር የመሰለች መስመር አየሁ። መጀመሪያ የእንጨቱ ጅማት መሰለችኝ። ጥቂት ቆይቼ ሳይ አንድ ጣት ረዝማለች። ውሃ ገና አልገባም። «ኦጁሉ፣ ወደ ዳር» ማለት ነበረብኝ። ምክንያቱን ይጠይቀኛል። «ስንጥቅ አየሁ» ብዬ ብነግረው ሊያስተካክል ወርዶ ይመረምራታል፤ ሲመረምራት ያ እንደ መስታወት የለሰለሰ ፊት ይታየዋል፤ ያን ፊት ደግሞ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ አሰላሁ። ስድስት ሰው ተቀምጦ እኔ ይህን አሰላሁ። እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ልታገሥ አልኩ። መታጠፊያው አለፈ፤ መስመሯ ሁለት ጣት ሆነች። እስከሚቀጥለው አልኩ።

አንዴ ቀና ስል አሪየት እያየችኝ ነው። ሳቋን ትታለች። ዓይኔ የሄደበትን ተከትላ ዝቅ አለች፣ መስመሯን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። ያኔ አፌን ከፈትኩ፤ ወንዙ ግን ቀደመኝ። ወደ ግራ በኃይል የሚታጠፍበት ቦታ ደረስን፤ ውሃው ከጎን ገፋን፣ ሞተሩ ወደ ፊት ገፋን፣ ጀልባዋ ተጠማዘዘች።

«ጧ!»

ያንን ድምፅ ከሁሉም አስቀድመን ያወቅነው ሁለት ሰዎች ነን፤ ኦጁሉና እኔ።

ጣውላው እንደ አፍ ተከፈተ። ውሃው እስከ ጉልበታችን መጣ። ኦጁሉ አልጮኸም፤ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ዳር አዙሮ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ሲስተር ትርሲት የማርያምን ስም ትጠራለች፤ ሳጥኑን ግን አልለቀቀችም። አሪየት ልትነሣ ስትሞክር ቀኝ እግሯ በተከፈተው መሃል ገባ። በዚያው ቅጽበት ጀልባዋ ሸምበቆው ውስጥ ገብታ ዳሩን መታች፤ የተከፈተውም ተመልሶ ገጠመ፣ እግሯ ላይ። የሷን ጩኸት ልገልጸው አልሞክርም።

በመቅዘፊያ ፈልቅቀን አወጣናት። ቁርጭምጭሚቷ ዞሯል። ሲስተር ትርሲት ከዚያችው ጀልባ ስንጥር ወስዳ፣ ነጠላዋን ቀድዳ አሰረችላት። አዞ የሚያርፍበት ዳር ስለሆነ ኦፒዮ ውሃውን በዱላ እየደበደበ ቆመ። ብዙ ሳይቆዩ ሁለት ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ደረሱልን፤ ባለ አንድ ግንድ። ጀልባዋን አይተው ምን ሊሉ እንደነበር አላውቅም። ኦፒዮ እጁን አነሣባቸውና ዝም አሉ። ያ የቀልድ አባት ያን ቀን አንድም ቀልድ አልተናገረም።

ኢታንግ ጤና ጣቢያ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። አሪየትን ወደ ውስጥ አስገቧት። ኦጁሉ ከደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በስንጥር መሬት ላይ ይሥላል። ግማሽ ጨረቃውን፣ አምስቱን ቀዳዳ።

«ሙሌ፣ ና እርዳኝ» አለኝ። «አንተ ነጋዴ ነህ፣ አእምሮህ ፈጣን ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ አነሰ? አሥራ ስድስት ጣሳ ችሏል እኮ። አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ስንጥቁ ቆሞ ነበር።»

«ቆሞ ነበር።»

«እንግዲያ ወንዙ የማላውቀው ስድስተኛ ቀዳዳ አለው ማለት ነው።» ሥዕሉን በመዳፉ አጠፋው። «የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ ሚስቴን አስቀመጥኩበት። ከእንግዲህ በር እና አልጋ ብቻ ነው የምሠራው። በር ሰው አይገድልም።»

ከውስጥ ሲስተር ትርሲት ወጥታ፣ «አቶ ሙሉጌታ፣ አሪየት ትፈልግዎታለች» አለችኝ።

ገባሁ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሙሌ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ውሃ ሳይገባ ታየው ነበር።»

«ምኑን?»

«እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ። የሸተተ ዓሣ የሚሸጥ ሰው ዓይኑ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። እኔም ሸጫለሁ። ዓይንህ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበር። ግንዱ ሳይመታን በፊት።»

ዓይኔን ከእግሯ ላይ አነሣሁ።

«እኔ እግር ነው የሄደብኝ፣ ይድናል» አለች። «እሱ ግን ደጅ ተቀምጦ ራሱን እየበላ ነው። ትሰማዋለህ? እኔ ከዚህ እሰማዋለሁ። ሂድና የምታውቀውን ንገረው። ካልነገርከው እኔ አልነግረውም። አንተው ስታየው ኑር።»

እየዛተችብኝ ቢሆን ኖሮ እደራደር ነበር፤ ድርድር እችልበታለሁ። እሷ ግን ምንም አልጠየቀችኝም።

ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ቲነሩን፣ በርሜሉን፣ እሑድ ቀትርን፣ ሦስት ሦስቱን ነጥብ። ስናገር ፊቱን አላየሁም፤ መሬቱን ነበር የማየው። ስጨርስ ስንጥሩን አንሥቶ ግማሽ ጨረቃውን እንደገና ሣለ።

«አምስት ጣሳ ላይ የተሰበረው» አለ በመጨረሻ፣ «የመጀመሪያው፣ እሱ ትክክል ነበር?»

«ትክክል ነበር።»

«ቅልቅሌም?»

«ቅልቅልህም።»

ኦጁሉ ተነሣ። ሳቀ! ያ የማይስቅ ሰው ጥርሱ ሁሉ ታየ። በመስኮቱ በኩል ለሚስቱ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጮኸ፤ ከቃሉ ውስጥ የገባኝ «ሦስት» ብሎ በጣቱ ማሳየቱ ብቻ ነው። ሙከራው አልዋሸውም፣ እጁ አልዋሸውም፣ ወንዙም የማያውቀው ነገር የለውም። የጠፋበት ነገር እንደ ተመለሰለት ሰው ደስ አለው። አሪየት ከውስጥ በአንዲት አጭር ቃል መለሰችለት። ሳቁ ቆመ። እግሯን ያስታወሰ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እንደማላውቀው ሰው አየኝ።

«ስንመለስ ኮሚቴው ፊት ትናገራለህ። ወንዝ ዳርም ትናገራለህ፣ ለሽማግሌዎቹ። የቀረውን ሙጫ ይዘህ ትመጣለህ። አሸዋውን አንተ ታፈሳለህ።»

እንዳለው ሆነ። ስንመለስ ጋምቤላ ወሬውን ቀድማን ሰምታ ነበር፤ «የኦጁሉ ጀልባ ተከፈተች» የሚለውን። እኔ ገበያተኛ፣ ኮሚቴና ሽማግሌ በተሰበሰበበት ቆሜ ተናገርኩ። አቶ ቱት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ሳያይ ሰማኝ። «ለምን?» ብቻ ነው የጠየቀኝ። መልስ ፈለግኩ። ረሃብ የለብኝ፣ ያስገደደኝ የለ። «ሊጣል ስለነበር» አልኩ። ለራሴም ሲሰማኝ አሳነሰኝ። ከጣሳው ግርጌ የተራረፈውን አጣብቀን፣ ስንጥቅ ሰጥተን፣ ከሦስተኛው ቀዳዳ አሰርን። ጣሳውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛውን ሳፈስ ግማሹ መሬት ላይ ሄደ፤ ግማሹ ግን በቂ ነበር።

ኦፒዮ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ለኦጁሉ ራሱን ነቀነቀለት። እኔን አላየኝም።

ጀልባዋ ከሌላ ቦታ በመጣ ሙጫ እንደገና ተሠራች፤ ሰው መውጣት እስኪጀምር አንድ ክረምት ወሰደባት። በዚያ ክረምት ማን ቤቱ ተኝቶ እንደጠበቀ አልጠየቅኩም። ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም። አሪየት ድናለች ይባላል፤ ገበያ ስትመጣ ግን ቀኝ እግሯ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከሩቅ በአረማመዷ አውቃታለሁ፤ ፊቷ ሳይታየኝ በፊት።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም የምትሸጡት ነገር ይኖራችኋል፤ ዕቃ ባይሆን ዕውቀት፣ ዕውቀት ባይሆን ፊርማ። ማጭበርበር በሻጭና በገዢ መካከል የሚደረግ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ገዢው ዓይን አለው፤ ካላየ የራሱ ጥፋት ነው እል ነበር። ኦጁሉ ግን ዓይን ነበረው፤ ከማንም የተሻለ ዓይን። ራሱ ፈልፍሎ፣ ራሱ ቀዳዳ በስቶ የሠራው ዓይን። እኔ የሸጥኩለት የተበላሸ ሙጫ ትንሹ በደል ነው። ትልቁ፣ በትክክል ያየውን እንዳላየ አድርጌ፣ የገዛ እጁን እንዲጠራጠር ማድረጌ ነው። አንድ ሰው መዳፉን ገልብጦ ሲያይ ካያችሁ፣ እባካችሁ፣ እውነቱን የምታውቁ ከሆነ በዚያው ቅጽበት ተናገሩ። በኋላ መናገር ይቻላል፤ እኔ ተናግሬያለሁ። በኋላ የተነገረ እውነት ግን እግር አይጠግንም።

ዛሬም ሱቄ እዚያው ነው፣ ኦጁሉም ደንበኛዬ ነው። ለምን ከእኔ እንደሚገዛ ጠይቄው አላውቅም፤ ቅርብ ስለሆንኩ ይሆናል። ምስማር ሲገዛ ከየፓኬቱ አንዱን መዝዞ ደረጃዬ ላይ ያስቀምጥና ደብድቦ ያጥፈዋል፣ ደግሞ ያቃናዋል፣ ደግሞ ያጥፈዋል፤ ሌላ ገዢ ቆሞ እያየ። አይቸኩልም።

መዶሻውን የማቀብለው እኔ ነኝ።